ከሽሮ ሜዳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የኦንላይን ሱቅ የኢሜይል ዝርዝር እንዴት ይገነባል፣ ለምንስ ይሞታል?

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ሲገደቡ፣ ገደቡ እስኪነሳ አምስት ወር ገደማ ፈጅቷል። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን የጫነ ሻጭ ዕቃውን መለጠፉን አልተወም። ችግሩ የነበረው በሌላኛው ጫፍ ነው። ቪፒኤን የሌለው ደንበኛ የተለጠፈውን አያይም፣ ሻጩም ያንን ደንበኛ በሌላ መንገድ የሚያገኝበት አድራሻ የለውም። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጡም የታየው ይኸው ነበር። ገጽ የከፈተ ሁሉ ተከታይ አለኝ ይላል፤ የተከታዮቹ መዝገብ ግን ያለው ኩባንያው ጋ ነው።

የኢሜይል ዝርዝር ፋይሉ የሻጩ ነው። የሚልክበትን አገልግሎት ቢቀይር ወይም አካውንቱ ቢታገድ አድራሻዎቹን ይዞ ይሄዳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን በዝርዝሩ ያሉት ሰዎች በፈቃዳቸው የገቡና ዛሬም ደብዳቤውን የሚያነቡ ሲሆኑ ነው። ብዙ ሻጮች ዝርዝራቸውን እንደ ጎተራ በብዛቱ ይለኩታል። ጎተራ ውስጥ የገባ ነቀዝ ጤነኛውን እህል እንደሚያበላሽ ሁሉ፣ የሞተ አድራሻ የበዛበት ዝርዝርም ለሕያው ደንበኛ የሚሄደውን ደብዳቤ ሳይቀር ስፓም (ያልተፈለገ ደብዳቤ የሚጣልበት ሳጥን) ውስጥ ይከተዋል። ቀጥሎ የሚነበበው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ዓይነት ንግድ እንያዝ፦ ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እያሠራ በዋሽንግተን አካባቢ (ለምሳሌ በሲልቨር ስፕሪንግ)፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚሸጥ የኦንላይን ሱቅ። ለእንዲህ ያለ ሱቅ ኢሜይል ይስማማዋል። ደንበኛው የባንኩን፣ የሥራውንና የልጁን ትምህርት ቤት ጉዳይ በኢሜይል ስለሚከታተል ሳጥኑን በየቀኑ ይከፍታል። የሚገዛው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በዓል ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያስታውሰው ይፈልጋል። የአንድ ቀሚስ ሽያጭም የወሩን የኢሜይል ወጪ ይሸፍናል። በአንጻሩ አዲስ አበባ ውስጥ የስልክ መሸፈኛ በሞተር እያደረሰ የሚሸጥ ሰው ቴሌግራሙ ይበቃዋል። ኢሜይል ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ ቢቆጥበው ይሻላል።

አገር ቤት ያለው ጂሜይል

ወደ ፎርሙ ከመሄዳችን በፊት አገር ቤት የሚሰበሰቡ አድራሻዎች ያለባቸውን ችግር እንይ። አንድሮይድ ስልክ ፕሌይ ስቶር እንዲከፍት የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ አካውንቱን የሚከፍትለት የስልክ ቤቱ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ባለ ስልኩ አያውቀውም፣ ስልኩ ሲቀየር ወይም ሲጠፋ አካውንቱም አብሮ ይጠፋል። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተነኩ የግል አካውንቶችን እየሰረዘ ነው። ዛሬ «ኢሜይልዎን ይሙሉ» ተብሎ የተሞላ አድራሻ ነገ «እንዲህ ያለ ተቀባይ የለም» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለው መመለስ ሲበዛ ጂሜይል ላኪውን «የሚልክለትን የማያውቅ» አድርጎ ይመዘግበዋል።

ስለዚህ አገር ቤት ያለን ደንበኛ ኢሜይል ከመጠየቅ በፊት «ኢሜይልዎን መቼ ከፈቱት?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። የማይከፍት ከሆነ ስልክ ቁጥሩንና የቴሌግራም ስሙን መያዝ ይበቃል። በቴሌግራም «10 ሺህ የኢሜይል አድራሻ በዚህ ዋጋ» እየተባለ የሚሸጠው ፋይል ውስጥ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው የሞቱ ወይም ለወጥመድ የተተዉ ናቸው። የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎችና የስፓም ተቆጣጣሪዎች ማንም የማይጠቀምባቸውን አድራሻዎች እንደ ወጥመድ ይተዋሉ። ወደነዚያ የሚልክ ሰው ዝርዝሩን በፈቃድ እንዳልሰበሰበ ወዲያው ይታወቃል። በተገዛ ፋይል የተላከ አንድ ደብዳቤ የዶሜይኑን (በኢሜይሉ ከ@ በኋላ ያለውን የሱቁን የኢንተርኔት አድራሻ) ስም ለወራት ሊያጎድፍ ስለሚችል፣ በነጻ ቢሰጥ እንኳ መውሰድ አያስፈልግም።

ፎርሙና ልዋጩ

«ለዜና መጽሔታችን ይመዝገቡ» የሚል ሳጥን ማንንም አያስመዘግብም። ሰው አድራሻውን የሚሰጠው በልዋጩ አሁኑኑ የሚጠቅመው ነገር ሲያገኝ ነው። ለሐበሻ ልብስ ሱቅ የሚሻለው ልዋጭ የመለኪያ መመሪያ ነው፤ ምክንያቱም ከሩቅ የሚገዛ ሰው ትልቁ ስጋቱ «ይሆነኝ ይሆን?» ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የክንድ ርዝመት፣ ቁመት። ሁሉም በሴንቲሜትርም በኢንችም ይቀመጣል። ቁመት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚለካው በበዓሉ ቀን የሚደረገውን ጫማ አድርጎ መሆኑን መጻፍ አይረሳም። ይህች አንድ መስመር ብዙ የአጠረና የረዘመ ቀሚስ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። መመሪያው በደብዳቤው ውስጥ ቢገባ በፋይል ከመላክ ይሻላል፤ በስልክ ፋይል ማውረድ የሚሰለቸው ሰው ብዙ ነው።

የመጀመሪያ ግዢ ቅናሽም ሰው ያስመዘግባል፤ ግን ቅናሹን ብቻ ፈልጎ የገባ ሰው ቅናሹ ሲያልቅ ይወጣል፣ ወይም ሳይወጣ ማንበቡን ይተዋል። ሁለተኛው ይብሳል።

ፎርሙ ሦስት ነገር ቢጠይቅ በቂ ነው፦ ስም፣ ኢሜይል፣ የሚኖሩበት አገር። አገር የሚጠየቀው የጭነት ዋጋና የጉምሩክ ነገር ስለሚለያይ ነው። አራተኛ ጥያቄ መጨመር ግድ ከሆነ ቋንቋ ይሁን። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገው ልጅ ለሠርጉ የሐበሻ ልብስ ይፈልጋል፣ ፊደል ግን ላያነብ ይችላል። አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ የሚል ምርጫ ሁለት ዝርዝር ይሰጣል፣ ሁለቱም ይነበባሉ። አዝራሩ ላይ «አስገባ» ከሚል ይልቅ «መመሪያውን ላኩልኝ» ቢባል ሰውየው ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ከሥሩ ደግሞ አንድ ሐቀኛ መስመር፦ «በወር ሁለት ጊዜ እንጽፍልዎታለን፤ ሲፈልጉ በአንድ ጠቅታ ይወጣሉ።»

ከተመዘገበ በኋላ ማረጋገጫ መላክ ግዴታ ባይሆንም ይመከራል። ሰውየው አድራሻውን ሲሞላ አንድ ደብዳቤ ይሄድለታል፣ ውስጡ ያለውን ሊንክ ሲጫን ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ ፊደል ተገልብጦበት የተጻፈ አድራሻ በሩ ላይ ይቀራል። የማያውቃቸውን ሰዎች ኢሜይል በፎርሙ ላይ የሚሞላ ሮቦትም እንዲሁ። ጥቂቱ ሰው ሊንኩን ሳይጫን ይቀራል፤ ይህን ለመቀነስ ፎርሙ ከተሞላ በኋላ የሚመጣው ገጽ «ወደ ኢሜይልዎ ይሂዱ፤ ካላዩት ስፓም ወይም ፕሮሞሽንስ የሚለው ውስጥ ይመልከቱ» ይበል፣ የደብዳቤው ርዕስም «መመሪያው ዝግጁ ነው፣ እዚህ ይጫኑ» ዓይነት ይሁን። ካልጫነ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይቻላል፣ ከዚያ መተው ነው።

ሰው የሚገኝበት ቦታ ድረ ገጹ ላይ ብቻ አይደለም። ቴሌግራም ቻናሉ ላይ የፎርሙን ሊንክ ከላይ ሰክቶ ማስቀመጥ ይቻላል። በሚላከው ልብስ ውስጥ በሚገባ ካርድ ላይ ኪውአር ኮድ ቢታተም ጥቅሉን የከፈተችው እህት ብቻ ሳትሆን ልብሱን አይታ «ከየት ነው?» የምትል ጓደኛዋም ትጭነዋለች። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በአሜሪካ በጋ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ድንኳን ተክሎ የሚሸጥ ሰው በሦስት አራት ቀን የሚያገኘው ሰው በዓመት በኦንላይን ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። እዚያ ግን ደብተር ይዞ ማስፈረም ጥሩ አይደለም፤ በችኮላ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ሲነበብ «ኤል» እና «አንድ»፣ «ኦ» እና «ዜሮ» ይምታታሉ። ሰዎቹ ራሳቸው በስልካቸው ኪውአሩን ይጫኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዕቃ የገዛ ሰው ደረሰኝ ለመቀበል ኢሜይሉን ሰጥቷል ማለት ማስታወቂያ ለመቀበል ፈቅዷል ማለት አይደለም። በመክፈያ ገጹ ላይ «አዲስ ሥራ ሲመጣ ንገሩኝ» የሚል ሳጥን ይኑር፣ ምልክቱንም ደንበኛው ራሱ ያድርግበት።

ደብዳቤው እንዲደርስ

ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በጅምላ በሚልኩ ላይ ሕግ አጥብቀዋል፤ በሜይ 2025 የማይክሮሶፍት አውትሉክም ተከትሏቸዋል። ለጂሜይል አድራሻዎች በቀን 5,000 ደብዳቤና ከዚያ በላይ የሚልክ ሰው ሦስት ማረጋገጫዎችን (ከታች ይብራራሉ) ማሟላት፣ በአንድ ጠቅታ መውጫ ማስቀመጥ፣ የወጣውንም ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ማንሳት አለበት። ትንሽ ሱቅ 5,000 ስለማይደርስ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ግን የስፓም ቅሬታ ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት የሚለው ለሁሉም ላኪ ነው፣ ጉግል ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቁጥር ሲታይ፣ ለ700 ሰው ተልኮ ሁለት ሰው ስፓም ብሎ ቢጫን 0.29 በመቶ ነው። ሦስተኛ ሰው ሲጨመር 0.43 ይሆናል። በትንሽ ዝርዝር ላይ የአንድ ሰው ብስጭት የቱን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ ይታያል።

የመጀመሪያው ሥራ የራስ ዶሜይን መግዛት ነው። ከነጻ የጂሜይል አድራሻ ዝርዝር መላክ አይሆንም። ጂሜይል ራሱ በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አያስልክም። የጂሜይል አድራሻን «ላኪ» አድርጎ በሌላ አገልግሎት መላክም እንደ ማስመሰል ይቆጠራል።

ዶሜይኑ ከተገዛ በኋላ በዲኤንኤስ ሰሌዳው (ዶሜይኑ በየትኞቹ ሰርቨሮች እንደሚሠራ በሚጻፍበት ገጽ) ላይ ሦስት መዝገብ ይጨመራል። ኤስፒኤፍ የሚባለው በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ማኅተም ነው፤ አገልግሎት ሰጪው የሚሰጠውን ሁለት ወይም ሦስት መስመር እንዳለ መገልበጥ ነው። ዲማርክ ከሁለቱ አንዱም ከላኪው ዶሜይን ጋር ካልተስማማ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይወስናል፤ መጀመሪያ «ምንም አታድርግ፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ» በሚለው ደረጃ ይጀመራል፣ ለጥቂት ሳምንታት ሪፖርቱ ታይቶ ሁሉም ሲስተካከል ወደ ጥብቁ ይሻገራል።

እዚህ ላይ አዘውትሮ የሚሠራ ስህተት አለ። ኤስፒኤፍ በአንድ ዶሜይን ላይ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሻጩ መጀመሪያ ለቢሮ ኢሜይሉ አንዱን ያስገባል፣ በኋላ የጅምላ መላኪያ ሲከፍት መመሪያው «ይህን ጨምር» ስለሚለው ሁለተኛ መስመር ይጨምራል። ያኔ ሁለቱም አይሠሩም። መደረግ ያለበት አዲሱን አገልግሎት በነባሩ መስመር ውስጥ ማስገባት ነው። ሥራው መሳካቱን ለማየት ለራስ ጂሜይል አንድ ደብዳቤ ልኮ በኮምፒዩተር ሦስቷን ነጥብ መጫን፣ «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን መክፈት ነው። ሦስቱም አጠገብ «ፓስ» ካለ ተሳክቷል።

አዲስ ዶሜይን በአንድ ቀን ለ2,000 ሰው ሲልክ ለጂሜይል የሌባ ጠባይ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ቀን በቅርብ ጊዜ ለገዙና ለሚያውቁን 50 ሰዎች መላክ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ በእጥፍ እያሳደጉ መሄድ ይሻላል። ቅሬታ ወይም ተመላሽ ከበዛ ቁጥሩን ማሳደግ ይቆማል።

መላኪያ አገልግሎቶቹ ሜይልቺምፕ፣ ብሬቮ፣ ሜይለርላይት፣ ኪት እየተባሉ ይታወቃሉ። ሁሉም ነጻ ደረጃ አላቸው ወይም ነበራቸው፤ ወሰኑን ግን በየጊዜው ስለሚያጠቡት ከመጀመር በፊት የዋጋ ገጹን ማየት ይገባል። ለምሳሌ የብሬቮ ነጻ ደረጃ በቀን 300 ደብዳቤ ብቻ ስለሚፈቅድ የ700 ሰው ዝርዝር ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጃል። ለበዓል ማስታወሻ ይሆናል፣ «ዛሬ ማታ ያበቃል» ለሚል ደብዳቤ ግን አይሆንም። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለ ባለ ሱቅ ውጭ አገር መክፈል የሚችል የባንክ ካርዱን አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ጥሩ ነው።

የአማርኛ ደብዳቤ ልዩ ነገሮች

የኢሜይል መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት ለላቲን ፊደል ነው፤ በእኛ ፊደል ላይ ሲሠራባቸው የሚበላሹ ነገሮች አሉ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከድሮ ሰነድ ተቀድቶ ኢሜይል ላይ ሲለጠፍ ተቀባዩ ጋ የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ እንደ አዲስ በዩኒኮድ ይተየብ። ጂሜይል ከዲዛይን ጋር የሚመጣን ልዩ ፎንት ስለማያሳይ ተቀባዩ የሚያየው መሣሪያው ላይ ባለው ፎንት ነው፦ በዊንዶውስ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ በአፕል ከፋ፣ በአንድሮይድ ኖቶ። መጠኑን ከ17 ፒክስል አያሳንሱት፣ የመስመር ርቀቱንም ሰፋ ያድርጉት፤ ፊደላችን በአነስተኛ መጠን ሲጨናነቅ «ሰ» እና «ሱ»ን እንኳ ለመለየት ያስቸግራል።

ሌላው የክብደት ነገር ነው። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት የሚበልጥ ደብዳቤን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ አንዳንድ የዲዛይን መሣሪያዎች ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቁጥር ኮድ ሲቀይሩት ሰባት ባይት ይሆናል። በዚህ ላይ የዲዛይኑ ኮድ ሲጨመር ወሰኑ ቶሎ ይሞላል። የሚቆረጠው የታችኛው ክፍል ነው፣ ከታች ያለው ደግሞ የመውጫው ሊንክ ነው። መውጫ ያጣ ሰው ስፓም የሚለውን ይጫናል።

ማስታወቂያውን ሁሉ በአንድ ፖስተር ምስል ላይ ጽፎ መላክ የተለመደ ነው፤ ኢሜይል ላይ ግን መጥፎ ልማድ ነው። ምስል ያልጫነ ስልክ ላይ ባዶ ገጽ ይታያል። ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ይቀመጥ፤ ሁለት ሦስት ፎቶ እያንዳንዳቸው ከ100 ኪሎባይት በታች ይሁኑ።

ርዕሱ ላይ ዋናው ቃል ከመጀመሪያዎቹ 25 ፊደላት ውስጥ ይግባ፣ የቀረውን ስልኩ ይቆርጠዋል። «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን እንኳን ለ…» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ዋናው ነገር ሳይታይ ያልቃል። «የእንቁጣጣሽ ትእዛዝ ሐምሌ 17 ይዘጋል» ቢባል ግን ሁሉም ነገር አለበት።

ስምን በራስ ሰር ማስገባት ለእንግሊዝኛ ይሠራል፣ ለአማርኛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደንበኛዋ ስሟን በላቲን ስትሞላ «ሰላም» ካለ በኋላ የላቲን ስም ይደነቀራል። አንተ ወይስ አንቺ የሚለውን ደግሞ ማሽኑ አያውቅም። «እርስዎ» ብሎ መጻፍ ከሁሉም ያድናል፤ ስሙም ባይገባ ማንም አይቀየምም።

ሰዓትና ቀን ሲጻፍ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ግድ ነው። «ሽያጩ ማታ 2 ሰዓት ይከፈታል» የሚለውን የዋሽንግተን ሰው ከሌሊቱ 2 ሰዓት ወይም ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ሊያደርገው ይችላል። ዋሽንግተን በበጋቸው ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ቅዳሜ ጠዋት በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ እንዲደርስ የታሰበ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የሚላከው በእኛ አቆጣጠር በበጋቸው ከቀኑ 10፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ላይ ነው። ዱባይ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። መላኪያ አገልግሎቶቹ በአገር ከፍለው መላክ ይችላሉ፤ ፎርሙ ላይ አገር የተጠየቀበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ምን ይጻፋል፣ መቼ?

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ሰውየው ማን እንደጻፈለት የሚያስታውሰው ያኔ ነው። አራት ደብዳቤ በራስ ሰር እንዲሄዱ ማዘጋጀት ይበቃል። አንደኛው ወዲያው ይሄዳል፤ መመሪያውን ይይዛል፣ በስንት ጊዜ እንደሚጻፍ ይናገራል፣ በአንድ ጥያቄም ያበቃል፦ «ልብሱን የሚፈልጉት ለየትኛው በዓል ነው?» መልስ መጻፍ የሚያስችል አድራሻ መሆኑ ላይ ትኩረት ይሰጥ። ደንበኛው አንድ ቃል እንኳ ሲመልስ ለጂሜይል «ይህን ላኪ አውቀዋለሁ» ብሎ እንደ መመስከር ነው። ሻጩም ማን ለሠርግ፣ ማን ለጥምቀት እንደሚፈልግ በዚያው ይመዘግባል።

ሁለተኛው በሁለተኛው ቀን ስለ ጨርቅ ይሁን፦ በፈትልና በመነን መካከል ያለው ልዩነት፣ የጥበቡ ቀለም እንዳይለቅ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅ። ሦስተኛው በአምስተኛው ቀን ስለ ዋጋና ጊዜ ይሁን፤ ሽመናው፣ ጥልፉ፣ ስፌቱ፣ ጭነቱ እያንዳንዳቸው ስንት ቀን እንደሚፈጁ ይነገር። ደንበኛን የሚያስቆጣው የጊዜው ርዝመት ሳይሆን አለማወቁ ስለሆነ እዚህ ላይ አይሸፋፈን። አራተኛው በአሥረኛው ቀን፣ ፈቃድ ከሰጡ ደንበኞች ፎቶ ጋር የመጀመሪያውን የመሸጫ ጥያቄ ያቅርብ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚመራው የበዓል ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ስሌቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሽመናውና ጥልፉ አራት ሳምንት፣ ጭነቱ ሁለት ሳምንት ከፈጀ፣ ለእንቁጣጣሽ የመጨረሻው ትእዛዝ ከመስከረም 1 ስድስት ሳምንት ቀድሞ፣ ጳጉሜ አምስት በምትሆንበት ዓመት ሐምሌ 24 ላይ ይወድቃል። ለመጠባበቂያ አንድ ሳምንት ሲቀነስ ሐምሌ 17 ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰኔ 25፣ ሁለተኛው ሐምሌ 8፣ የመጨረሻው ሐምሌ 15 ይሂድ፤ ያዘዙት ሰዎች የመጨረሻው እንዳይደርሳቸው ከዚያ ምድብ ይውጡ። ገንዘብ የከፈለን ሰው «ገና አላዘዙም?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል።

በበዓላት መካከል ያለው ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ዝርዝር የሚሞተውም ያኔ ነው። ለስድስት ወር ዝም ብሎ በገና ዋዜማ ድንገት የሚጽፍ ሱቅ እንግዳ ይሆናል። በወር አንድ ጠቃሚ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ አሜሪካ ኦገስት 29 ቀን 2025 ዋጋቸው እስከ 800 ዶላር የሆኑ ጥቅሎች ያለ ቀረጥ ይገቡበት የነበረውን አሠራር ስታነሳ፣ ዝርዝር የነበረው ሱቅ ለአሜሪካ ደንበኞቹ ብቻ ለይቶ ምን እንደተለወጠና ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በዚያው ሳምንት ማስረዳት ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ምንም አይሸጥም፤ ቀጣዩ ደብዳቤ ግን በእርግጠኝነት ይከፈታል።

ቆጠራና ጽዳት

ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ የአፕል ኢሜይል ደብዳቤው ሳይነበብም የተከፈተ አድርጎ ስለሚያሳይ የ«ተከፈተ» ቁጥር አያስተማምንም። አሜሪካ ያሉ ደንበኞች ብዙዎቹ አይፎን ይይዛሉና ይህ ለእኛ ሱቅ ትልቅ ነገር ነው። መታየት ያለባቸው የሊንክ ጠቅታ፣ የተጻፈ መልስና ትእዛዝ ናቸው።

በየስድስት ወሩ ምንም ያልተጫኑና ያልገዙ ሰዎች ይለዩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛ ደንበኛ እንዳይቆረጥ ከገዙት ላይ ለአሥራ ስምንት ወር መታገስ ይቻላል። ለተለዩት «አሁንም እንጻፍልዎ?» የሚል አጭር ደብዳቤ ከአንድ አዝራር ጋር ይላክ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ አንድ ጊዜ። ከዚያ ያልመለሰ ይወጣል። ከ2,000 አድራሻ 900 ሲወጣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ግን የቀሩት 1,100 ደብዳቤውን ኢንቦክሳቸው ውስጥ ያገኙታል። «ተቀባይ የለም» ብሎ የተመለሰ አድራሻ ደግሞ ስድስት ወር አይጠበቅለትም፣ በዚያው ቀን ይወጣል።

ሕጉ

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ለመሸጥ ወይም ለማስተዋወቅ ኢሜይል መበተንን እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ የሚያስከትል ጥፋት አድርጎታል። የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ እንዲሁም ቀላል መውጫ ላለው መልእክት ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስምና ኢሜይል ሰብስቦ የሚይዝን ሁሉ ይመለከታል።

ተቀባዩ ያለበት አገር ሕግም አብሮ ይመጣል። አሜሪካ በ2003 ያወጣችው ሕግ በእያንዳንዱ የንግድ ደብዳቤ ላይ የላኪው የፖስታ አድራሻ እንዲኖር፣ ልውጣ ያለም ሰው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ እንዲወጣ ያዛል። በአውሮፓ ከሜይ 2018 ጀምሮ ፈቃዱ መቼና እንዴት እንደተገኘ ማሳየት ያስፈልጋል። በእስራኤል ተቀባዩ ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአንድ ያልፈቀደው ማስታወቂያ እስከ 1,000 ሰቅል ካሣ መጠየቅ ይችላል። እያንዳንዱን አገር ለየብቻ ከማሳደድ ይልቅ ከሁሉም ጥብቅ በሆነው መሥራት ይቀላል፣ ማረጋገጫ ሊንኩም እዚህ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

ፋይሉ

የመላኪያ አገልግሎቱ ካርዱ ሳይከፍል ሲቀር ወይም ቅሬታ ሲበዛ አካውንቱን ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ዝርዝሩ እዚያ ውስጥ ብቻ ካለ የቴሌግራሙ ታሪክ ይደገማል። በየወሩ መጀመሪያ ዝርዝሩን በሠንጠረዥ ፋይል አውርዶ፣ በይለፍ ቃል ቆልፎ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። ዓምዶቹ ስም፣ ኢሜይል፣ አገር፣ ቋንቋ፣ የገባበት ቀን፣ የገባበት በር (ፎርም፣ ካርድ፣ ድንኳን)፣ ያረጋገጠበት ቀን፣ የመጨረሻ ግዢ ናቸው። የወጡትም ሰዎች በሌላ ገጽ ላይ ይቀመጡ፤ አገልግሎቱ ተቀይሮ ዝርዝሩ ወደ አዲሱ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጫነው የወጡት ሰዎች ገጽ ነው።